ፈዋሹን ማን ያበረታዋል? ከድሬዳዋ በርጫ እስከ ጎንደር የዛር ቤት

ድሬዳዋ ከቀትር በኋላ ጸጥ ትላለች። የመጋላ ሱቆች በራቸውን ገርበብ ያደርጋሉ፤ በከዚራ የዛፍ ጥላ ሥር የሚመላለሰው ሰው ይቀንሳል። ሰዉ ግን አልተኛም። በየግቢው ፍራሽ ተነጥፎ፣ ውሃው ቀርቦ፣ ዕጣኑ ጨሶ በርጫው ተጀምሯል። የሀገራችን ሰው ስለ ድሬ ሲያወራ ይህን ሰዓት ሳያነሳ አያልፍም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳው ግን ስለ ቅጠሉ ነው፤ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል፣ ያከብራል ወይስ ያደኸያል እያለ ይከራከራል። ቅጠሉ ስለሚቀመስበት ቤትና ስለ ቤቱ ባለቤት የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚያነሳው ይህንኑ ነው። በቅጠልም ሆነ በከበሮ፣ በዕጣንም ሆነ በቡና የሰውን ልቡና ከተለመደው ቦታው ነቅንቆ ከሕመሙ እንዲያገግም የሚሞክር ቤት በሀገራችን ከጥንት ጀምሮ ነበር። እንደየአካባቢው ወዳጃ ቤት፣ የዛር ቤት፣ የአውሊያ ቤት ሲባል ኖሯል። እንዲህ ያለው ቤት ያለ ባለቤት አይቆምም። የሚያቃስተውን፣ የሚያለቅሰውን፣ የሚንዘፈዘፈውን ሁሉ ተቀብሎ የሚያስታምም አንድ ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው በሌላው ሕመም ተከብቦ ዓመት ከዓመት እንዴት ሳይታክት ይኖራል? ፈዋሹንስ ማን ያበረታዋል?

ጥያቄው የጥንት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የኦሬጎን ግዛት ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2020 በሰጠው ድምፅ መሠረት፣ ከ2023 ጀምሮ ሲሎሲቢን የተባለውን፣ ከአንዳንድ እንጉዳዮች የሚገኘውንና ልቡናን የሚለውጠውን ንጥረ ነገር በፈቃድ የሚሰጡ ማዕከላት ተከፍተዋል። አውስትራሊያም በዚያው ዓመት ከሐምሌ ወር ጀምሮ ፈቃድ ያላቸው የአእምሮ ሐኪሞች ይህንኑ ለተወሰኑ ሕሙማን እንዲያዙ ፈቅዳለች። «ሳይኬደሊክ ሕክምና» ይሉታል። ከኦሬጎን ማዕከላት ጥቂት የማይባሉት ግን ብዙ ሳይቆዩ ተዘግተዋል። የፈቃዱ፣ የኪራዩና የመድኅኑ ወጪ ከብዷቸዋል። የቀሩትም ባለቤቶች ወረቀቱንና ሒሳቡን ሲያሳድዱ የተነሱበትን ዓላማ እንዳይረሱ መታገል ይኖርባቸዋል። በሀገራችን ይህ ዓይነቱ ሕክምና በሕግ የታወቀ አይደለም። ሆኖም ሰውን ከራሱ አውጥቶ ወደ ራሱ የሚመልስ ቤት መምራት ምን እንደሚጠይቅ የእኛ ሰው ለዘመናት ያውቀዋል።

ባቡር የወለዳት ከተማ

ድሬዳዋን የቆረቆራት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ እጅግ ውድ ሆኖ በመገኘቱ፣ መሥመሩ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነና በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ዛሬ ከተማዋ ካለችበት ስፍራ ደረሰ። በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። በደቻቱ ወንዝ አንደኛው ዳር ፈረንሳዮች በቀጥታ መንገድ የነደፉት ከዚራ ተዘረጋ፤ በሌላው ዳር መጋላ አደገ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ አረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑና ሕንዱ በአንድ ጣቢያ ዙሪያ ተሰባሰበ። እያንዳንዱም ከዕቃው ጋር ሕመሙንና መድኃኒቱን ይዞ መጣ።

ቅጠሉ ከከተማዋ እጅግ ይቀድማል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተነሳው የዓፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ የይፋቱ ሰብረዲን በንጉሡ መናገሻ ላይ ጫት እተክላለሁ ብሎ መዛቱን ይነግረናል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 መጀመሪያ ላይ ሐረር ሲገባ፣ የሃይማኖት ሊቃውንቱ ለጫት ልዩ አክብሮት እንዳላቸው አይቶ ጽፏል። ቅጠሉ በአረብኛ «የደጋጎች ምግብ» የሚል ስም ነበረው። በዚያ ዘመን ጫት ቦታና ሰዓት የነበረው ነገር ነው። ሊቁ ሌሊት ለሚያነበው ኪታብ፣ ገበሬው ለደቦው፣ ሕመምተኛው ለዱዓው ይቀምሰዋል።

ይህን የለወጠው መጓጓዣ ነው። የጫት ዋነኛ አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን፣ በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1975 ተለይቶ የታወቀው፣ ቅጠሉ ሲጠወልግ በቶሎ ይዳከማል። ስለዚህ የዛሬ ቅጠል ለዛሬና ለነገ ካልደረሰ ዋጋ የለውም። ሐዲዱ፣ ቀጥሎም የመኪና መንገዱና አውሮፕላኑ፣ የሐረርጌን ደጋ ከጅቡቲና ከኤደን ጋር አገናኙ። የታሪክ ተመራማሪው ሕዝቅኤል ገቢሳ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት መጽሐፍ ከ1875 እስከ 1991 ያለውን የሐረርጌ የጫት ታሪክ ሲተርኩ፣ መሬቱ የጠበበበት ገበሬ ለምን ወደዚህ ተክል እንዳዘነበለ በሰፊው አሳይተዋል። ድሬዳዋ የዚህ ንግድ በር ሆነች።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲለይልን እንፈልጋለን። ጫት አነቃቂ ነው፤ እንደ ኦሬጎኑ እንጉዳይ ራእይ አያሳይም። በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ እንቅልፍ ይነሳል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ አእምሮን እስከማናጋትም ይደርሳል። በወዳጃም ሆነ በዛር ቤት ሰውን የሚያነሳው ቅጠሉ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ ዜማው፣ የዕጣኑ ጭስ፣ የሌሊቱ ርዝመትና የሚጠብቁት ዓይኖች ተደምረው ነው። የምዕራብ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ብዙ ከደከሙ በኋላ የመድኃኒቱ ውጤት በሰውየው ስሜትና በክፍሉ ሁኔታ እጅጉን እንደሚወሰን ደረሱበት። የእኛ ባለዛር ይህን ታውቅ ነበር። ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ ቡና አፍልታ፣ ዕጣን አጭሳ የምትጠብቀው ለዚህ ነው።

ወዳጃ

በሐረርጌና በወሎ ሙስሊሞች ዘንድ ወዳጃ ማለት ሰው ለታመመ፣ ዝናብ ለቀረ፣ መከራ ለመጣ ጊዜ በአንድነት ተቀምጦ የሚደረግ ልመና ነው። ቃሉ ለአማርኛ ጆሮ «ወዳጅ»ን ያስታውሳል፤ ነገሩም ከዚያ አይርቅም። ጫቱ ከመቀመሱ በፊት ዱዓ ይደረግበታል፤ መራቂው ይመርቃል፤ ሌላው «አሚን» ይላል። ሕመምተኛው ለብቻው አይታይም። ችግሩ በጉባኤው መካከል ይነገራል፤ ጉባኤውም ይሸከምለታል።

በሐረር ከተማ ደግሞ ሐረሪዎች «አዋች» የሚሏቸው የቅዱሳን መቃብሮች አሉ። ከሁሉ የታወቁት የከተማይቱ ጠባቂ የሚባሉት አው አባድር ናቸው። የመቃብሩ አገልጋይ ሙሪድ ይባላል። ሐሙስ ማታ ከበሮ እየተመታ፣ ዚክር እየተባለ፣ ጫት እየተቀመሰ ይታደራል። ሙሪዱ ደመወዝተኛ አይደለም። የሚኖረው በስጦታ ነው፤ የሚያገለግለውም በአደራ ነው። ሰው መጣም ቀረም ሐሙስ አይቀርም።

ከሶማሌ ወገን «ሳር» አለ፤ የእኛው ዛር ነው። ብሪታንያዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ዮአን ሉዊስ ስለ ሶማሌ ሴቶች ሳር ሲጽፍ፣ ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በትዳሯ ውስጥ የሚሰማት ባጣች ሴት ላይ መሆኑን አትቷል። ሴቲቱ በራሷ አፍ የማትጠይቀውን ሽቶ፣ ልብስና አክብሮት መንፈሱ ይጠይቅላታል። ዛር ከኢትዮጵያ እስከ ሱዳን፣ ግብፅና አረቢያ ድረስ የታወቀ ነው። ድሬዳዋ እነዚህ ሁሉ ከሚተላለፉባቸው መንገዶች በአንዱ ላይ ተቀምጣለች። የመሪዎቹን ሕይወት ከቅርብ ሆኖ በሰፊው የመዘገበልን ሰነድ ግን የሚገኘው ከወደ ጎንደር ነው።

መልካም አያሁ

በ1924 ዓ.ም. ክረምት ከዳካር ተነስቶ ወደ ጅቡቲ የሚያቋርጥ የፈረንሳዮች የጥናት ቡድን ጎንደር ደረሰ። ከአባላቱ አንዱ ወጣቱ ገጣሚ ሚሼል ሌሪስ ነበር። አስተርጓሚውና ባልደረባው አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ሆኑለት። ሁለቱ መልካም አያሁ የሚባሉ አንዲት አሮጊት የሚመሩትን የዛር ቤት እስከ 1925 ዓ.ም. ኅዳር ድረስ ተመላልሰው አዩት፤ ሌሊትም አደሩበት። አባ ጀሮም ዛሮቹ የሚናገሩትን በማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ሲጽፉ ያነጉ ነበር። ሌሪስ በኋላ የጉዞ ማስታወሻውን እ.ኤ.አ. በ1934፣ ስለ ጎንደር ዛር ብቻ የሚተርከውን ጥናቱን ደግሞ በ1958 አሳተመ።

ስለ ዛር አመጣጥ ከሚነገሩት ተረቶች አንዱ ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት ይላል። ፈጣሪ ሊጎበኛት ሲመጣ ዓይን እንዳይበላቸው ፈርታ ቆንጆዎቹን 15 ሸሸገች። እርሱም የተሸሸጉት እንደተሸሸጉ ይቅሩ አለ። ዛሮች የእነርሱ ልጆች ናቸው፤ እኛ የሚታዩት ልጆች ዘር ነን። በዚህ ተረት ዛር ባዕድ ጋኔን አይደለም፤ የተረሳ ዘመድ ነው። ስለዚህ እንደ ጋኔን አይባረርም፤ ይለመናል፣ ግብር ይገባለታል፣ ይታረቃል። የዛር ቤት ከጸበል ቦታ የሚለይበት ዋናው ነጥብ ይህ ነው። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ዛርን ያወገዙት ከመንፈስ ጋር እንዲህ ያለ ውል ስለሚያስገባ ነው።

ታማሚው ወደ ቤቱ ይመጣል። ከበሮው ይመታል፤ ጉሪው ይጀምራል። መንፈሱ በፉከራ ስሙን እስኪናገርና የሚፈልገውን እስኪጠይቅ ድረስ ሕመምተኛው ይወዛወዛል። ከዚያ በኋላ ሰውየው የዛሩ «ፈረስ» ይባላል። ዛሩ አልወጣም፤ ፈረሱም ዕድሜ ልኩን ይጫናል። ከፈረሶቹ መካከል ውላቸውን አጥብቀው የያዙት ጥቂቶች የሌላውን ዛር የሚያናግሩ፣ የሚያስታርቁ፣ በመጨረሻም ቤት የሚመሩ ይሆናሉ። ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ በጎንደር ያጠናው አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግም ይህንኑ መስክሯል። ወደ ፈዋሽነት የሚያስገባው በር ሕመም ነው።

ብርታቱ ከየት ይመጣል?

እንግዲህ የመነሻ ጥያቄያችንን እዚህ ላይ መመለስ ይቻላል። አንደኛ፣ የዛር ቤት መሪ ራሷ ሕመምተኛ ናት። ዳነች አይባልም፤ ታረቀች ነው የሚባለው። ቤቱን ብትዘጋ፣ ግብሩን ብታስታጉል ሕመሟ ይመለስባታል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ በየጠዋቱ «ዛሬ ደግሞ ይህን ሥራ ለምን እሠራለሁ?» ብላ አዲስ ምክንያት አትፈልግም። ሌላውን ማስታመሟ የራሷ መድኃኒት ነው። ለሥራው ያላት ፍላጎት በቀዘቀዘ ቀን እንኳ ውሉ ይቀጥላል።

ሁለተኛ፣ የሚፈውሰው ዛሩ እንጂ እርሷ አይደለችም። ታማሚው ቢድን ምስጋናው የዛሩ ነው፤ ባይድን ዛሩ አልታረቀም ይባላል። ለአታላይ ሰው ይህ ምቹ መሸሸጊያ መሆኑ አይካድም። ቅን ለሆነች ባለዛር ግን የማይቻል ሸክም ከትከሻዋ ያወርድላታል። የዛሬው የአእምሮ ሐኪም ከሥራው ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ያልዳነለትን ሰው በልቡ ተሸክሞ ይሄዳል። መልካም አያሁ ሲነጋ ቡናቸውን ያፈሉ ነበር።

ሦስተኛ፣ በሥራው ውስጥ ዕረፍት አለ። መልካም አያሁ አንድ ዛር ብቻ አልነበራቸውም። አባ ሞራስ ወርቄ ሲወርድባቸው እንደ ጦር አዛዥ ይናገራሉ፤ ሻንቂት የምትባለው አገልጋይ ዛር ስትመጣ ደግሞ ትሑት አሽከር ይሆናሉ። ሌሪስ ይህን ልብስ ከሚቀየርበት ጓዳ ጋር አመሳስሎታል። ሰው ሁልጊዜ እመቤት፣ ሁልጊዜ አጽናኝ ሆኖ አይዘልቅም። የዛር ቤት መሪዋን ከመሪነት የምታርፍበት መንገድ ሰጥቷት ነበር። በሱዳን ደግሞ ዕረፍቱ በቀን መቁጠሪያ ተወስኗል። በረጀብ ወር ትልቁ ድግስ ይደረግና፣ ረመዳን ሲገባ ከበሮው ይሰቀላል። ዛሮቹ በጾሙ ታስረዋል ይባላል፤ ባለቤቷም ከእነርሱ ጋር አርፋለች።

አራተኛ፣ ብቻዋን አይደለችም። ታማሚው ሲሻለው ተሰናብቶ አይሄድም፤ የቤቱ ልጅ ይሆናል። ያለው ያዋጣል፤ የሌለው ውሃ ይቀዳል፣ ቡና ይወቅጣል፣ ከበሮ ይመታል። አዲስ የመጣውን የሚደግፈው ትናንት ተደግፎ የተነሳው ነው። በመልካም አያሁ ቤት ልጃቸው እማዋይሽም የራሷ ዛሮች ነበሯት። ሸክሙ በብዙ እጅ ተይዞ ስለሚሄድ መሪዋ አትሰበርም።

አምስተኛው ገንዘብና ክብር ነው፤ መደበቅ አይገባም። በየዕለት ኑሮዋ ማንም የማይሰማት ሴት በዛር ቤት ስትቀመጥ ትልልቅ ሰዎች ይሰግዱላታል፤ ዶሮውና በጉ፣ ልብሱና ብሩ ይመጣላታል። ይህ ብርታት ይሰጣል። አደጋውም የሚገባው በዚሁ በር ነው።

ገንዘብና እንግዳ የገቡ ጊዜ

የሌሪስ ቡድን በመልካም አያሁ ቤት ለመሥዋዕት የሚታረዱ እንስሳትን እየገዛ ያቀርብ ነበር። በዚህም ብዙ ነገር አየ። ነገር ግን ያየው ሁሉ ስለ እውነት የተደረገ ይሁን ስለ ስጦታው፣ ራሱ ሌሪስ እየተጠራጠረ ሄደ። በማስታወሻውም ቅናቱን፣ ቅሬታውንና ከዳር ቆሞ መጻፉ እንዳቃጠለው ሳይደብቅ አስፍሯል። በኋለኛው ጥናቱ የደረሰበት መደምደሚያ ረጋ ያለ ነው። ዛር ተመልካች ፊት የሚታይ ትያትር ይመስላል፤ ግን ተዋናዮቹ የሚኖሩት ትያትር ነው። ይሁንና ተመልካቹ ከፋይ ሲሆን ለማን እንደሚሠራ መለየት ከባድ ይሆናል።

ከዚህ የከፋው በሜክሲኮ ደረሰ። በዋሃካ ተራራማ አገር ማሪያ ሳቢና የምትባል የማዛቴክ ፈዋሽ ነበረች። የታመመች እህቷን ለማዳን ጀምራ፣ የተቀደሰውን እንጉዳይ ለሕመምተኛ ብቻ ሌሊት እያቀመሰች ታገለግል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ጎርደን ዋሰን የሚባል አሜሪካዊ የባንክ ሰው ወደ እርሷ መጣ። በ1957 ላይፍ በተባለው መጽሔት ላይ ያየውን ጻፈ። ከዚያ በኋላ የባዕድ ወጣት መንጋ ወደ መንደሯ ጎረፈ። የመጡት ታመው አልነበረም፤ ፈጣሪን ፍለጋ ነው አሉ። ፖሊስ ተከተለ፣ መንደርተኛው ቂም ያዘ፣ ቤቷ ተቃጠለ። ማሪያ ሳቢና በድህነት ኖራ እ.ኤ.አ. በ1985 አረፈች። ከመሞቷም በፊት እንግዶቹ ከመጡ ወዲህ እንጉዳዩ ኃይሉን እንዳጣባት ተናግራለች። እንጉዳዩ ያው እንጉዳይ ነው። የፈረሰው አስታማሚንና ታማሚን ያስተሳሰረው ውል ነው።

በእኛም ሀገር ቤቶቹን ያዳከማቸው ብዙ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የመጣው ሥርዓት ኋላ ቀር ልማድ ብሎ ተነሳባቸው። የሃይማኖት መምህራን ተግሣጽም እየበረታ ሄደ። ከባለዛሮቹ መካከል የድሃን ላም የበሉ፣ በእርግጥ ሆስፒታል የሚያስፈልገውን ሰው ለዓመታት ያንገላቱ እንደነበሩም ሐቅ ነው። ከባድ የአእምሮ ሕመም በከበሮ አይድንም። ሆኖም አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ መኖሩን ስናስታውስ፣ የሐረርጌና የጎንደር ሰው ሐዘኑንና ጭንቀቱን ወዴት ይወስድ እንደነበር ለመረዳት አያዳግትም።

ቤቱ ሄዶ ቅጠሉ ሲቀር

ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። ዛሬ በከተማይቱ ጫት የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይቸግራል። የአወዳይ ቅጠል በየማለዳው ይደርሳል። ነገር ግን መራቂው ያለበት፣ የሕመምተኛው ስም ተነስቶ «አሚን» የሚባልበት ወዳጃና ማንም ከማንም ጋር የማይተዋወቅበት የጫት ቤት አንድ አይደሉም። በሁለተኛው ባለቤቱ የሚጠብቀው ሒሳቡን ነው። ምርቃናው ሲመጣ ወጣቱ ብዙ ያቅዳል፤ ሲወርድበት የሚቀበለው የለም። ያን ጊዜ መስበሪያ ብሎ መጠጥ ይጨምራል። በወዳጃው ያ የድካም ሰዓት ምርቃት የሚሰጥበትና ሰው ተደግፎ ወደ ቤቱ የሚሸኝበት ነበር።

ይህን ስንል ወደ ዛር ቤት እንመለስ ማለታችን አይደለም። ያለፈውን ቤት ባለቤት መመርመሩ ግን ለአዲሱ ይጠቅማል። በኦሬጎን ማዕከል የከፈተው ሰውም ሆነ በሐረርጌ ጤና ጣቢያ በቀን አያሌ ሰው የምታይ የአእምሮ ነርስ አንድ ዓይነት ድካም ያውቃሉ። ሁለቱንም በርቱ ማለት ብቻ ብዙ አያራምዳቸውም። መልካም አያሁ የነበራቸው ነገር ቢታይ ይሻላል፦ የራስን ቁስል የማይደብቅ ሥራ፣ የፈውሱን ሁሉ ኃላፊነት በአንድ ሰው ላይ የማይጭን እምነት፣ የሚያርፉበት ወር፣ ትናንት ታማሚ ዛሬ ረዳት የሆኑ ሰዎች።

የሐረሩ ሙሪድ ሐሙስ ሲመጣ ከበሮውን የሚያወርደው ያን ቀን ልቡ ስለተነሳሳ ብቻ አይደለም። ቀኑ ሐሙስ ስለሆነና በደጅ የሚጠብቁት ስላሉ ነው። መነሳሳቱ ከበሮው ከተመታ በኋላ ይመጣል።